ሙሉ ደቂቃ መቁጠር፦ የነርስ ብቃት የት ይለካል?

የስምንት ወር ሕፃን ሳል ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ሕመሙ ተራ ጉንፋን ይሁን የሳንባ ምች ለመለየት ነርሷ በመጀመሪያ የምትጠቀምባቸው መሣሪያዎች ዓይኗና ሰዓቷ ናቸው። የሕፃኑን ልብስ ገለጥ አድርጋ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል ትቆጥራለች። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ 40 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ አተነፋፈሱ ፈጣን ይባላል። ቆጠራው ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ መሆን አለበት። ሕፃናት አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘገም እያሉ ስለሚተነፍሱ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል። ይህን በትምህርት ቤት ያልተማረ ነርስ አይገኝም፤ በጽሑፍ ፈተና ቢመጣም አብዛኛው ይመልሰዋል። ነገር ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሕፃናት በሞሉበት ክፍል፣ አንዲት ተረኛ ብቻዋን በቆመችበት ሰዓት፣ ያ ሙሉ ደቂቃ በእርግጥ ተቆጥሯል ወይ? ወይስ ቻርቱ ላይ የሰፈረው ቁጥር ከትናንቱ የተቀዳ ነው? የዛሬው ዝግጅታችን በማወቅና በማድረግ መካከል ስላለው ስለዚህ ርቀት ነው።

አሜሪካዊው የሕክምና ትምህርት ምሁር ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት ጽሑፍ ይህን ርቀት በአራት እርከን ከፍለው አሳይተውታል። ከታች «ያውቃል» አለ። ከእሱ በላይ «እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል»፣ ቀጥሎ «ሠርቶ ያሳያል»፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ይሠራል»። መፈተኛ ክፍል ገብቶ ሠርቶ ማሳየትና ማንም ሳያይ በየቀኑ መሥራት አንድ አይደሉም። እስቲ በአገራችን ያሉትን መመዘኛዎች በዚህ መሰላል ላይ እናስቀምጣቸው። በቴክኒክና ሙያ የሠለጠኑ ነርሶች የሚያልፉበት፣ ሁላችንም ሲኦሲ እያልን የምንጠራው የብቃት ምዘና አለ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ሙያ ተመራቂዎች ብሔራዊ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፈቃድ ሲታደስ የሚጠየቀው ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ፣ ባለሙያዎቹ ሲፒዲ የሚሉት፣ አለ። የጽሑፍ ፈተናው የታችኞቹን ሁለት እርከኖች ይለካል። የተግባር ምዘናው ሦስተኛውን ይነካል። ሲፒዲው በአብዛኛው ሥልጠና መወሰዱን ይመዘግባል፤ ሥልጠናው በሠልጣኟ እጅ ላይ ምን ለውጥ እንዳመጣ ግን አይጠይቅም። በሽተኛውን በቀጥታ የሚነካው አራተኛው እርከን መለኪያ የሌለው ሆኖ ቀርቷል። የእኔ ክርክር አጭር ነው፤ የነርስ ብቃት መለካትም መጠበቅም ያለበት ሥራው በሚሠራበት ቦታ፣ በአልጋው ዳር፣ በአጭር በአጭሩና ቶሎ ቶሎ ነው፤ ለዚህም ተጠያቂው በመጀመሪያ ደረጃ ነርሷን የቀጠረው ተቋም ነው።

ይህን ለመቀበል አስቀድሞ አንድ ነገር መረዳት ያስፈልጋል። ብቃት ይጠፋል፤ የሚጠፋውም ድምፅ ሳያሰማ ነው። ልቡ ለቆመ ሰው የሚደረገውን የደረት ግፊትና የትንፋሽ እርዳታ እንውሰድ። በዚህ ላይ የተካሄዱት ጥናቶች በርካታ ናቸው፤ ውጤታቸውም ተቀራራቢ ነው። ሠልጣኞች በሥልጠናው ማግስት ጥሩ ይሠራሉ፤ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ግን የግፊቱ ጥልቀትም ፍጥነቱም መበላሸት ይጀምራል። በብዙ አገር የሚታወቀው የአሜሪካ የልብ ማኅበር የሥልጠና ካርድ ደግሞ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው። ስለዚህ ካርዱ ገና ሳያረጅ እጁ ያረጃል ማለት ነው። ከዚህ የሚከፋው፣ ባለሙያው ራሱ ይህን አለማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ሐኪሞች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት ሌሎች ከለኩት ብቃታቸው ጋር ያነጻጸሩ ሥራዎችን ሰብስቦ መርምሮ ነበር። ከ20 ንጽጽሮች በ13ቱ ግምቱና ልኬቱ እምብዛም አልተገናኙም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ ተቃራኒ ነበሩ። በግምታቸው ይበልጥ የራቁት ደግሞ ችሎታቸው ዝቅተኛ የሆነውና በራሳቸው እጅግ የሚተማመኑት ናቸው። ጥናቱ የሐኪሞች ነው፤ ነርሶች ከዚህ የሰው ልጅ ባሕርይ ነፃ ናቸው የሚል ግን ማስረጃ ማቅረብ አለበት። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እዚህ ላይ የሚመነጠረው ግን ያልጠረጠረው ባለሙያ ሳይሆን አልጋ ላይ የተኛው ሰው ነው።

እዚህ ላይ ከአንጋፋ ነርሶች የሚመጣ ተቃውሞ አለ፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። «ሃያ ዓመት የሠራች ሲስተር ምን ትመዘናለች? ልምዷ ራሱ ማስረጃ አይደለም ወይ?» ይላሉ። ልምድ ትልቅ ነገር መሆኑን ከማንም በላይ ያስረዱት አሜሪካዊቷ ነርስና ተመራማሪ ፓትሪሺያ ቤነር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሁበርትና ስቱዋርት ድራይፈስ የተባሉ ወንድማማቾች አብራሪዎችን አጥንተው ካቀረቡት የክህሎት እድገት ሐሳብ ተነሥተው፣ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት የምትወጣባቸውን አምስት ደረጃዎች ለይተዋል። ጀማሪዋ መመሪያ እየተከተለች ትሠራለች። ከላይኛው ደረጃ የደረሰችው ደግሞ የበሽተኛውን ፊት አይታ፣ የደም ግፊቱ ገና ሳይወርድ፣ ነገር እንደተበላሸ ታውቃለች። እንዲህ ያለ ዓይን በመጽሐፍ አይገኝም። ይሁን እንጂ ቤነር ልምድ የሚሉት የተቆጠረ ዓመትን አይደለም። ልምድ ማለት ለእሳቸው፣ ቀድሞ የያዙት ግምት ከእውነተኛ በሽተኛ ጋር ተጋጭቶ ሲታረም የሚገኝ ነው። ግምቷ ሳይታረም ሃያ ዓመት ያለፋት ነርስ አንዱን ዓመት ሃያ ጊዜ ደጋግማዋለች እንጂ የሃያ ዓመት ልምድ አላካበተችም። ሌላም ያሉት ነገር ለእኛ ሆስፒታሎች በጣም ይጠቅማል። በአንድ ክፍል ሊቅ የሆነች ነርስ የማታውቀው ዓይነት በሽተኛ ወደሚተኛበት ክፍል ስትዛወር ወደ ጀማሪነት ልትመለስ ትችላለች። ነርሶች ከቀዶ ሕክምና ወደ ሕፃናት፣ ከሕፃናት ወደ ድንገተኛ በሚዘዋወሩበት አሠራር፣ ዝውውሩ የሚፈጸመው በአንድ ቁራጭ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የሚያዛውረው ነርሷን ነው፤ ብቃቷ ግን አብሯት ላይሻገር ይችላል።

በቁጥርም የታየ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በሥራ ዓመት ብዛትና በሕክምና ጥራት መካከል ያለውን ግንኙነት የሚያሳዩ 62 ግምገማዎችን ሰብስበው አይተው ነበር፤ ይህም በሐኪሞች ላይ ነው። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ፣ ዓመቱ በጨመረ ቁጥር በተለኩት ነገሮች ሁሉ ጥራቱ ቀንሶ ተገኘ። ምክንያቱ ስንፍና ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። አንጋፋው የተማረው በዘመኑ ትክክል የነበረውን ነው፤ መመሪያው ከተለወጠ በኋላ ግን አጠገቡ ቆሞ «ይህ ቀርቷል» የሚለው ሰው አላገኘም። ወጣቷ ነርስ ደግሞ አዲሱን ብታውቅም አንጋፋዋን ማረም ድፍረት ይመስላታል። በእኛ ባህል ታላቅን ማረም ከባድ ነው፤ ይህ መልካም ጠባይ ነው። መልካም ጠባይ በሽተኛን እንዳይጎዳ ግን እርማቱ ከወጣቷ ድፍረት መጠበቅ የለበትም፤ የክፍሉ መደበኛ አሠራር ሊሆን ይገባል።

«እንግዲያውስ ሥልጠና ይብዛ» የሚል ይኖራል። ሥልጠና ብቻውን እስከ የት እንደሚያደርስ ለማየት ከምሥራቅ አፍሪካዊቷ ታንዛኒያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በሰሜን ታንዛኒያ ሃይዶም በምትባል የገጠር ከተማ አንድ የሉተራን ሆስፒታል አለ። እዚያ ለሚያዋልዱ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወለዱ የማይተነፍሱ ሕፃናትን ስለመርዳት የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጠ። ሕፃኑን ማድረቅና ማነቃቃት፣ ካልተነፈሰም በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ውስጥ አምቡ ባግ በሚባለው በእጅ የሚጨመቅ ከረጢት አየር መስጠት የሚል ነው። ባለሙያዎቹ ከሥልጠናው በፊትና ከሰባት ወር በኋላ በአሻንጉሊት ላይ ተፈተኑ። ትንፋሽ የማስጀመሩን ፈተና ያለፉት ከመቶ 18 የነበሩት 74 ደረሱ። ሪፖርት ቢጻፍ «ሥልጠናው ውጤታማ ነበር» ብሎ በደስታ የሚዘጋ ነው። ተመራማሪዎቹ ግን እዚያ አላቆሙም፤ ማዋለጃ ክፍል ገብተው በእውነተኞቹ ሕፃናት ላይ የሚደረገውን ተመለከቱ። አየር የሚሰጣቸውና አፍና አፍንጫቸው የሚጠረግላቸው ሕፃናት ቁጥር አልተለወጠም ነበር፤ የማነቃቃቱ ሥራ እንዲያውም ቀንሶ ተገኘ። በሚለር መሰላል ሦስተኛው እርከን ላይ ትልቅ ለውጥ፣ አራተኛው ላይ ግን ምንም ማለት ነው። ይህን ጥናት ደጋግሜ የማነሣው ሰዎቹ የራሳቸውን ሥራ በሐቅ ስለመዘኑትም ነው።

ከዚያ አካሄዱን ለወጡት። ልምምዱ ወደ ሥራ ቦታው መጣ፤ በየሳምንቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ የሚወስድ አጭር ልምምድ ሆነ፤ በተጨማሪም በየወሩ ረዘም ያለ ክለሳ ተጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው፣ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት ከ1,000 ውስጥ 11.1 ከነበሩበት ወደ 7.2 ወረዱ። የሚነቃቁት ሕፃናት ጨመሩ፤ በአምቡ ባግ አየር የሚያስፈልጋቸው ደግሞ ቀነሱ፤ ቀድሞ የተነቃቃ ሕፃን በራሱ ይተነፍሳልና። በእርግጥ ይህ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ጊዜ ያነጻጸረ ጥናት ነው፤ በመካከሉ ሌላ የተሻሻለ ነገር አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሆኖም ብቻውን የቆመ ማስረጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ዘ ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የወጣ ሰፊ ክለሳ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የጤና ባለሙያዎችን አሠራር ለማሻሻል የተደረጉ ሙከራዎችን የያዙ ከ300 በላይ ጥናቶችን ሰብስቧል። የታተመ መመሪያና ጽሑፍ ማደል ብቻውን ያመጣው መሻሻል 1.4 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ብቻ ነበር። ሥልጠና ብቻውን ወይም ክትትል ብቻውን ከ10 እስከ 16 ነጥብ ገደማ አመጣ። ሁለቱ ሲጣመሩ 18 ገደማ ደረሰ። ባለሙያዎች በቡድን ተቀምጠው የራሳቸውን ክፍል ችግር ለይተው የሚፈቱበት ዘዴ ደግሞ በጥቂት ጥናቶች ከ28 ነጥብ በላይ አሳይቷል። ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ፖስተርና በስብሰባ የምናድለው ጥራዝ ስንት ገንዘብ እንደሚወስድ ለሚያውቅ ሰው፣ የመጀመሪያው ቁጥር እንቅልፍ ይነሣል።

ሌሎች አገሮች ፈቃድ የሚያሳድሱበትን መንገድም እንይ። በካሊፎርኒያ የተመዘገበች ነርስ በየሁለት ዓመቱ 30 ሰዓት ትምህርት መውሰዷን ታሳያለች። ኤንክሌክስ የሚባለውን ፈተና አንዴ አልፋ ፈቃድ ካገኘች በኋላ እጇን የሚፈትን የፈቃድ ፈተና አይጠብቃትም። ብሪታንያ ከዚህ ሻል ያለ መንገድ ሞክራለች። በስታፎርድ ሆስፒታል በሽተኞች ውኃ እንኳ የሚያቀብላቸው አጥተው የተንገላቱበት ጉዳይ በሰር ሮበርት ፍራንሲስ የሚመራ ምርመራ ተካሂዶበት ሪፖርቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ወጣ። ሪፖርቱን ተከትሎ፣ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ፣ በዚያ አገር የምትሠራ ነርስ፣ ለንደን ያሉ ኢትዮጵያውያን ነርሶችን ጨምሮ፣ በየሦስት ዓመቱ 450 ሰዓት መሥራቷን፣ 35 ሰዓት መማሯንና ከዚያም 20ው ከሌሎች ጋር የተካፈለችበት መሆኑን ማሳየት አለባት። በሥራዋ ላይ ከሰዎች ያገኘቻቸውን 5 አስተያየቶች ታቀርባለች፤ ከሥራዋ የተማረችውን በ5 ጽሑፎች ታሰፍራለች፤ ስለ ጽሑፎቹም ከሌላ ነርስ ጋር ተቀምጣ ትወያያለች። ከዚህ ውስጥ እኔን የሚማርከኝ ውይይቱ ነው፤ ነርሷ ሥራዋን ለባልደረባዋ ገልጣ የምታሳይበት ጊዜ ነውና። ጉድለቱም ግልጽ ነው። 450 ሰዓት መሥራት በደንብ መሥራት ማለት አይደለም፤ በደንብ የሚጽፍ ሰውም በደንብ ላይቆጥር ይችላል። የሕፃኑ ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ መቆጠሩን የሚያይ ዓይን በዚህም ሥርዓት ውስጥ አልተቀመጠም።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ እንምጣ። «ነርስ አንሷል፣ ጓንት የለም፣ ውኃ ይቋረጣል፤ እናንተ ስለ ምዘና ታወራላችሁ» የሚለው ነው። ይህ የሰበብ ንግግር አይደለም። ተመራማሪዋ ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቻቸው በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች፣ በ300 ሆስፒታሎች የታከሙ ከ420,000 በላይ የቀዶ ሕክምና በሽተኞችን መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2014 እንዳሳዩት፣ በአንዲት ነርስ ላይ አንድ በሽተኛ ሲጨመር በሽተኛው በ30 ቀን ውስጥ የመሞቱ ዕድል በ7 ከመቶ ይጨምራል። የዲግሪ ነርሶች ድርሻ በ10 ከመቶ ሲያድግ ደግሞ የመሞት ዕድሉ በ7 ከመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ የነርስ ቁጥርም ትምህርትም የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው፤ ምዘናን የሰው ኃይል እጥረት መሸፈኛ የሚያደርግ አስተዳዳሪ ቢኖር ነርሶቹን ይበድላል። ግን ተቃውሞው ራሱ ለምዘናው ምክንያት ይሰጣል። አንዲት ነርስ ብዙ ሕፃናት ስትይዝ ደቂቃው ያልተቆጠረው ስለማታውቅ ነው ወይስ ስለማትችል? ይህን የሚለየው የጽሑፍ ፈተና አይደለም፤ አጠገቧ ቆሞ ያየ ሰው ነው። በትክክል መቁጠር የምትችል ነርስ ጊዜ በማጣቷ እንደማትቆጥር ተመዝግቦ ሲቀመጥ፣ ለሜትሮንና ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ከማንኛውም አቤቱታ የበለጠ ክብደት ያለው ማስረጃ ይሆናል። የብቃት ምዘና የተቋሙን ጉድለት ማጋለጥ ካልቻለ ግማሽ ምዘና ነው።

ሌላው ፍርሃት ቅጣት ነው። ግምገማ የሚለው ቃል በመሥሪያ ቤቶቻችን ያተረፈው ስም ጥሩ አይደለም፤ ሰው ደመወዙንና ሹመቱን የሚነካበት ነገር ሲመጣ ድካሙን ይደብቃል። ነርስ ድካሟን ከደበቀች ደግሞ ልኬቱ ዋጋ የለውም። መፍትሔው ሁለቱን መለየት ይመስለኛል። በየሳምንቱ በክፍሉ ውስጥ የሚደረገው መተያየት ወደ ግል ማኅደር አይገባም። እዚያ የሚታየው ስሕተት እዚያው ይታረማል፤ በድጋሚ ይታያል፤ ያበቃል። ሰው የሚጎዳ ስሕተት ታርሞ ታርሞ ያልተሻሻለ እንደሆነ፣ ወይም ሆን ተብሎ የተደበቀ እንደሆነ ግን የተለየና ግልጽ መንገድ ይኑረው፤ የነርሷ ክብር ከበሽተኛው ሕይወት አይበልጥምና። ሰው ሲያየው ብቻ የሚጠነቀቅ አለ የሚባለውም እውነት ነው። በእጅ መታጠብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ታዛቢ ሲቆም መታጠቡ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ነገር ግን ይህ ይበልጥ የሚያጋጥመው ታዛቢው እንግዳ ሲሆንና በዓመት አንዴ ሲመጣ ይመስለኛል፤ ባልደረባዋ በየሳምንቱ የምታይ ከሆነ መታየቱ የሥራው አካል ይሆንና ልዩ ጥንቃቄ የሚያሰኝ ነገር አይቀርም።

በተግባር ምን ይመስላል? በየክፍሉ በብዛት የሚሠሩ፣ ሲሳሳቱም የሚገድሉ ስድስት ወይም ሰባት ሥራዎች ይመረጣሉ፤ ከዚያ አይበልጡም። በሕፃናት ክፍል ትንፋሽ መቁጠር አንዱ ነው። በሌላው ክፍል የግሉኮስ ጠብታ ማስላት ሊሆን ይችላል፦ 1,000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት እንዲገባ ሲታዘዝና በማስተላለፊያው ቱቦ 20 ጠብታ 1 ሚሊ ሊትር ሲሆን በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ይመጣል። ነርሷ ይህን አስልታ፣ ሰዓቷን ይዛ፣ ጠብታውን አስተካክላ ታሳያለች። ጊዜው የፈረቃ ርክክብ ላይ አምስት ደቂቃ ነው። ወጪና ገቢ ተረኞች በአንድነት የሚገኙበት ሰዓት ስለሆነ ሌላ ስብሰባ አያስፈልግም፤ የዕለቱ በሽተኛ ራሱ ትምህርቱ ነው። ተመልካቿ ከራሳቸው ከነርሶቹ መካከል ለዚሁ የሠለጠነች ባልደረባ ትሁን፤ አንጋፋዋን ወጣቷ፣ ወጣቷንም አንጋፋዋ ያያሉ። ወደ አዲስ ክፍል የተዛወረች ነርስ ብቻዋን ተረኛ ከመሆኗ በፊት እነዚያን የተመረጡ ሥራዎች ሠርታ ትታያለች። የፈቃድ እድሳቱም ከዚህ ጋር ይያያዝ። ሆቴል አዳራሽ ሁለት ቀን ተቀምጦ የሚገኝ የሲፒዲ ነጥብ ካለ፣ በአልጋ ዳር ታይቶና ታርሞ የተሠራ ሥራም ቢያንስ ያን ያህል ነጥብ ሊያገኝ ይገባል፤ አለበለዚያ ነርሷ ነጥቡ ወዳለበት መሄዷ አያስወቅሳትም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት፣ የመለማመጃ አሻንጉሊት፣ አንድ አምቡ ባግ። አሻንጉሊቱና አምቡ ባጉ ያሉበት ሆስፒታል ካለ ዛሬ የሚደረግ አንድ ነገር አለ፤ በዕቃ ግምጃ ቤት ተቆልፎባቸው ከሆነ ይውጡና ከማዋለጃ አልጋው አጠገብ ይቀመጡ፤ የመጀመሪያው አምስት ደቂቃም በነገው የጠዋት ርክክብ ላይ ይጀመር።